ኬክ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ሰው ስለ ትዝታው ጻፈ። ስለ አያቱ ቤት፣ ስለ ዶሮ ማነቂያ፣ ብይ ስለተጫወተበት ጓሮ። እውነታቸውን ነው። የእኔ ኪሳራ ከዚያ ሁሉ ያነሰ ነው። ከሥራ ስወጣ የምቀመጥበት ኬክ ቤት ፈረሰ። በቃ። ሰፈሬ አይደለም፣ ተወልጄም አላደግኩበትም። ጥግ ላይ ያለችው ወንበር ግን የእኔ ነበረች ማለት ይቻላል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ወንበር ነው።

የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። ሒሳብ ክፍል። ቤቴ ፈረንሳይ ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ማለቴ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ዳገቱን እያያዝኩ እወጣለሁ። ፒያሳ ስደርስ የታክሲው ሰልፍ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ይጠብቀኛል። ያኔ ከባልደረቦቼ አንዷ የተለመደውን ትላለች፦ «ሰልፉ እስኪቀል አንድ ማኪያቶ እንጠጣ።»

አንድ ማኪያቶ። አንድ ሚልፎይ ለሦስት። ሚልፎዩ ያልቃል፣ ወሬው አያልቅም። ማን ዕድገት አገኘ፣ ማን ሊለቅ ነው፣ አለቃችን ዛሬ ለምን ፊቱን አጠቆረ። ሰልፉ ከቀለለ ቆይቷል፤ እኛ ገና አለቃችን ፊት ላይ ነን። ስንነሣ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቤት ስገባ ደክሞኛል። እራቴን በልቼ፣ ስልኬን ይዤ ጋደም እላለሁ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደግሞ የኤሲሲኤ መጻሕፍቴ አቧራ ይጠጣሉ።

ኤሲሲኤን ለማታውቁት፦ መቀመጫውን እንግሊዝ አገር ያደረገ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ ነው። በጠቅላላው 13 ፈተና አለው። ዲግሪ ያለው ሰው እንደ ትምህርቱ ከመጀመሪያዎቹ የተወሰኑት ይቀሩለታል። ማለፊያው 50 ነው። 50 ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ተቀምጣችሁ እዩት። በዓመት አራት ዙር ይሰጣል፤ በፈረንጆቹ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር። እኔ ጀምሬ፣ የተወሰነውን አልፌ፣ አቁሜ ነበር። ለምን እንዳቆምኩ ሰው ሲጠይቀኝ «ጊዜ አጣሁ» እላለሁ። ጊዜው የት ይገባ እንደነበር አሁን ታውቃላችሁ።

በየዓመቱ ለዕንቁጣጣሽ ደብተር እገዛለሁ። ቆንጆ ደብተር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። «ዘንድሮ» ብዬ እጀምራለሁ። ዘንድሮ ማታ ማታ አጠናለሁ፣ ዘንድሮ ፌስቡክ እቀንሳለሁ፣ ዘንድሮ ጠዋት እነሣለሁ። እስከ መስቀል ድረስ በደንብ ይጻፍበታል። ከመስቀል በኋላ የአስቤዛ ዝርዝር ይሆናል።

ከዚያ ፒያሳ ፈረሰ።

መጀመሪያ ሰሞን እግሬ ብቻውን ይወስደኝ ነበር። ዳገቱን ጨርሼ፣ ታጥፌ፣ የቆርቆሮ አጥር ፊት ስቆም ነው ትዝ የሚለኝ። ቀስ በቀስ መታጠፉ ቀረ። የምንቀመጥበት ስናጣ ሦስታችንም በጊዜ ወደየቤታችን መግባት ጀመርን። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት! የአከራዬ ልጅ በሩን ከፍታ «ዛሬ ሥራ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

የገረመኝ ይኼ ነው። ለዓመታት በደብተርም በመሐላም ልተወው ያልቻልኩት ነገር፣ ቦታው ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ጠባዬ አልተለወጠም። ቆራጥም አልሆንኩም። ወንበሯ ናት የጠፋችው።

ሥራዬ ማመሳከር ነውና ይኼ ነገር የእኔ ብቻ ይሁን አይሁን ማጣራት ነበረብኝ። ማታ ማታ የተረፈኝን ሰዓት መጀመሪያ ያዋልኩት ለዚህ ነው። አንብቤ አንብቤ ልቤ የቀረው ሁለት ታሪክ ላይ ነው።

አንደኛው የለንደን ነው። በፌብሩዋሪ 2014 የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞች ለሁለት ቀን ሥራ አቆሙ። ብዙ ጣቢያ ተዘጋ፣ ሕዝቡ በግድ ሌላ መንገድ ፈለገ። አድማው ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ተከፈቱ። ኢኮኖሚስቶች የጉዞ ካርዱን መረጃ ሲያዩ፣ ከተመላላሹ ከመቶ 5 ገደማ የሚሆነው ወደ ድሮ መንገዱ አልተመለሰም። አድማው ያሳየው መንገድ ይሻለው ነበር። ለስንት ጊዜ በረዥሙ ሲሄድ እንደኖረ አስቡት። ማንም አልከለከለውም። ማንም ግን ጣቢያውን አልዘጋበትም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። በፈረንጆቹ 1971 ቬትናም የነበሩ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ሄሮይን ይጠቀሙ ነበር። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ተከታተለቻቸው። ከአምስት አንዱ እዚያ ሱስ ይዞት እንደነበር ተናገረ። ከእነዚህ ውስጥ ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ያገረሸባቸው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሄሮይን የያዘው ሰው አይድንም ይባል ስለነበር ብዙ ሰው ጥናቱን ለማመን ተቸግሯል። ሱስ ቀላል ነው ለማለት አይደለም ያመጣሁት። ሱስ የያዘው ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ግን ጫካው፣ ጓዱ፣ ፍርሃቱ፣ ነጋዴው፣ ያ ሁሉ ሲቀር ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። የእኔማ ማኪያቶ ነው።

ስለዚህ «ጠንከር በይ» የሚለው ምክር አሁን ብዙም አይዋጥልኝም። ዌንዲ ዉድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2002 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች በየሰዓቱ የሚያደርጉትን እንዲመዘግቡ አድርጋ ነበር። ከሚያደርጉት ከመቶ 43 የሚሆነውን በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ እዚያው ቦታ፣ ሐሳባቸው ሌላ ነገር ላይ ሆኖ ነው የሚያደርጉት። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሐሳቡ እዚያ ያልነበረን ሰው እንዴት «አስብበት» ትሉታላችሁ?

ቢሯችን አንድ ጊዜ «ራስን መምራት» በሚል ርእስ ሥልጠና ልኮን ነበር። የሆቴል አዳራሽ፣ ትልቅ ባነር፣ ሁለት ጊዜ የሻይ ዕረፍት። አሠልጣኙ «21 ቀን! 21 ቀን ብቻ!» እያለ አስጨበጨበን። ብዙ ሰው ይህችን 21 ቁጥር ያውቃታል። የመጣችው በፈረንጆቹ 1960 ከጻፈ ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። አፍንጫቸውን ያስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ታዘበ። ቢያንስ ነው ያለው። «ቢያንስ» የምትለዋ መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች፣ አፍንጫውም ተረሳ።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ96 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት የሠሩት ጥናት የተሻለ ነው። እያንዳንዱ አንድ ትንሽ ነገር መረጠ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት መሮጥ፣ እንዲህ ያለ። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን መካከለኛው 66 ቀን ሆነ። የአንዱ 18 ቀን፣ የሌላው ከ12 ሳምንቱ አልፎ በስሌት ሲገመት 254 ቀን። ከሁሉ የወደድኩት ግን ሌላ ግኝታቸውን ነው። አንድ ቀን ቢዘለል ምንም አይጎዳም። እኔ አንድ ማክሰኞ ካመለጠኝ ሳምንቱን ሙሉ እተወው ነበር፤ «ከሰኞ እጀምራለሁ» እያልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰኞ የሚጀመረው ነገር ቢቆጠር ከተማው አይበቃውም።

ለነገሩ እኛ ይህን ከለንደን መማር አልነበረብንም። ጾም አለን። ረቡዕ ጠዋት ተነሥታ «ዛሬ ክትፎ ልብላ ወይስ አልብላ?» ብላ ከራሷ ጋር የምትሟገት ጿሚ የለችም። ውሳኔው አልቋል። ቀኑ ራሱ ነው የሚነግራት። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ካፌው የጾም ማኪያቶ ያወጣል፣ የቢሮ ምሳ ሁሉ ሽሮና በያይነቱ ይሆናል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሙስሊም ባልደረቦቼ ደግሞ ረመዳንን ሲይዙ አያቸዋለሁ፤ ያ ሁሉ ቡና ወዳጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሥራውን ይሠራል። «ቆራጥ ሆንኩ» ብሎ የሚፎክር የለም። ጉልበቱ ያለው ሥርዓቱ ውስጥ ነው።

ፋሲካ ሌሊት ምን እንደሚሆንም ታውቃላችሁ። 55 ቀን የተያዘው ነገር በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሳህን ዶሮ ወጥ ይመለሳል። መመለሱ ጥፋት አይደለም፤ ጾሙም እንደዚያው ነው የተሠራው፣ ማብቂያ አለው። ግን ድሮ የለመድነው ነገር እንዳልሞተ ያሳያል። እዚያው ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል።

ይኼን ለሒሳብ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። መዝገብ ላይ የተሳሳተ ምዝገባ ሲገኝ ፍሉድ ቀብቶ ማጥፋት አይፈቀድም። የማስተካከያ ምዝገባ ይሠራል። የድሮው እዚያው ይቆያል፣ አዲሱ ከሥሩ ገብቶ ያካክሰዋል፤ ሚዛኑ ይስተካከላል። ኦዲተር ቢመጣ ሁለቱንም ያያል። ማርክ ቦውተን የሚባል ተመራማሪ በአይጦች ላይ ለዓመታት የሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ይሄዳል። አይጧ አንድን ነገር እንድትተው ትደረጋለች፣ ትተዋለች። ከተወችበት ክፍል አውጥታችሁ ወደ ድሮው ስትመልሷት ግን የድሮው ነገር ይመለሳል። አልተሰረዘም ነበር።

ስለዚህ ኬክ ቤቱ ቢፈርስም እኔ ውስጥ ያለችው የ11 ሰዓት ተኩል ሴትዮ አልፈረሰችም። ሌላ ወንበር ብታገኝ ትቀመጣለች። እንዳልኩትም ሆነ፤ ባልደረቦቼ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አቅጣጫ አንድ ካፌ አገኙ። «ነይ እንጂ!» ቁልቁለት ነው፣ ዳገቱም ይቀራል። ያን ሰሞን ነው ቨርፕላንከን የሚባል ሰው ጥናት ያነበብኩት። እንግሊዝ አገር 800 ሰው ወስዶ ግማሾቹ በቅርቡ ቤት የቀየሩ፣ ግማሾቹ ያልቀየሩ አደረገ። መብራት ማጥፋት፣ ውሃ መቆጠብ የመሳሰለውን እንዲለምዱ ምክርና ዕቃ ሰጣቸው። ይበልጥ የተለወጡት ቤት ከቀየሩ ሦስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።

ሦስት ወር። ቆርቆሮው ከታጠረ ስንት ጊዜ እንደሆነ በጣቴ ቆጠርኩና ደነገጥኩ።

አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርኆት ቤተ መጻሕፍትን ታውቁታላችሁ። ከፒያሳ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ማዶ ነው። የኮሪደር ሥራው ሲያልቅ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራት ገባለት፣ አመሻሽ ላይ በእግር መሄድ የሚያስጠላ አልሆነም። የፈረንሳይ ታክሲ አራት ኪሎም አለ። መንገዴ ላይ ነው ማለት ነው። ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከመንገዴ ወጥቼ የምሄድበት ቦታ ቢሆን እስከ መስቀል ነበር የሚቆየው።

ሕጉን እንዲህ አደረግሁት፦ ድልድዩን ከተሻገርኩ ወደ ታክሲው ሳይሆን ወደ ንባቡ። ሌላ ምንም የለውም። «ማታ አጠናለሁ» አላልኩም። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ጀርመናዊ እንዲህ ያለውን «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ዓይነት ዕቅድ ለዓመታት አጥንቶታል። በፈረንጆቹ 2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን ደምረው ሲያዩ፣ መቼና የት እንደሚያደርጉት አስቀድመው የወሰኑት፣ ምኞት ብቻ ከያዙት በጣም ይበልጣሉ። ረቡዕና ሥጋ ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም።

ማኪያቶውን ግን አልተውኩም። እዚህ ላይ ከብዙ መካሪ እለያለሁ። ራስን መምራት የሚለውን ነገር በፈረንጆቹ 1986 በአስተዳደር ትምህርት ውስጥ በሰፊው የጻፈበት ቻርልስ ማንዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እሱ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ፣ ሥራው ራሱ ደስ የሚል ነገር ይኑረው የሚል ነው። ራስን እየገረፉ ሩቅ አይኬድም። እኔ ሳስበው ጠላቴ ማኪያቶው አልነበረም፤ ወንበሯ ነበረች። ስለዚህ አራት ኪሎ ቆሞ የሚጠጣበት ቦታ ፈለግሁ። ፒያሳ ድሮም ቆሞ ቡና የመጠጣት ባህል ነበራት፤ ሰዉ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሁለት ሦስት ጊዜ ፉት ብሎ ይወጣል። ቆሜ እጠጣለሁ፣ ሒሳብ እከፍላለሁ፣ እወጣለሁ። ቆሞ ማንን ታማላችሁ?

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እኔ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ልጅ ጠጋ ብሎ «ማዘር፣ ቻርጀር ይዘሻል?» አለኝ። 38 ዓመቴ ነው። ማዘር! ሰጠሁት። እስካሁን ያው ልጅ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ሶኬት ቀድሞ ይይዝልኛል። እሱ ሲቪል ምሕንድስና፣ እኔ ኦዲት። ስንነሣ «ማዘር፣ ነገ» ይለኛል። ይህች «ነገ» ከደብተሬ ሁሉ ትበልጣለች። አንድ ቀን ስቀር የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው።

ገንዘቡን ደግሞ አትርሱ። የኤሲሲኤ ክፍያ በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ብሩ ወረደ፣ የእኔም የፈተና ክፍያ በብር ሲመታ አናቴን ያዘኝ። የሚልፎይ ድርሻዬ አሁን ዕቁብ ይገባል። ዕቁቡ ሲወጣልኝ ለፈተና ይሆናል። ዕቁብ ደግሞ ሌላው የእኛ ብልሃት ነው፤ «ልቆጥብ» ብሎ የሚያንገራግር ሰው ዳኛው ሲደውልለት ይከፍላል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሰመረም። ስልኬን አልጋ ላይ መያዝ ለመተው ሞከርኩ። ወጥ ቤት ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ መርካቶ የገዛሁት ደወል ሰዓት ይቀሰቅሰኛል። ሁለት ሌሊት ከአልጋ ተነሥቼ ወጥ ቤት ቆሜ ቲክቶክ አየሁ። እግሬ በረደኝ። አሁንም አልተፈታም፣ እለፉት።

የተሳካልኝ ሌላው «መንገድ ላይ ነኝ» ነው። ይቺን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ጫማዬን እያሰርኩ መንገድ ላይ ነኝ። ሻወር ቤት ሆኜ መንገድ ላይ ነኝ። አራት ኪሎ ሆኜ «ቦሌ ደርሻለሁ»። ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ማንም አያምንም፤ የሚደውለውም ልብሴን እንድለብስ ነው። የሚጎዳ አይመስልም። ግን ለሰው የምሰጠውን ሰዓት እንደፈለግሁ የማጥፍ ከሆነ፣ ለራሴ የሰጠሁትን 11 ሰዓት ተኩል ማን ያከብርልኛል? አዲሱ ልማድ ቀላል ነው። ስልክ ሲደወል ዓይኔ ያየውን እናገራለሁ። ግድግዳ ካየሁ ግድግዳ።

መጀመሪያ የሞከርኩት እማዬ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ቡና የሚፈላው እሷ ጋ ነው፤ ስድስት ኪሎ ትኖራለች።

«የት ደረስሽ?»

«ገና አልወጣሁም እማዬ።»

ዝም አለች። «አልወጣሽም?»

«ፀጉሬን እየሠራሁ ነው። ግማሽ ሰዓት ይቆየኛል።»

«እንግዲያው ቡናውን አልቆላም» አለችና ዘጋችው።

ስደርስ ቡናው ገና እየተቆላ ነበር። ጭሱ ገና ቤቱን አልሞላም። ስንት ዓመት ሙሉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና እየተጣደ የጠበቀኝን ቡና ያን ቀን በአቦሉ ጠጣሁት። እማዬ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰዓት ስነግራት ሁለተኛ አትጠይቅም። ጓደኞቼ አሁንም ይስቁብኛል። አንዷማ «ገና ቢሮ ነኝ» ስላት «ምን ሆነሻል፣ ደኅና ነሽ?» ብላኛለች።

ከሁሉ የከበደኝ ክረምት ነው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ዕቃ ቆጠራ፣ የባንክ ማስታረቅ፣ ያልመጣ ደረሰኝ ማሳደድ፤ ሐምሌን በሙሉ ከቢሮ የምወጣው በጨለማ ነው። ዝናቡ አለ፣ ድልድዩን በእግር የምሻገርበት ሰዓት የለም። ድልድዩ ከሌለ ሕጉም የለም። እንደፈራሁት ቀጥ አለ። አንድ ቀን መዝለል አይጎዳም ያለው ጥናት ስለ ወር ምንም አላለም። ዘንድሮ ለሐምሌ ሌላ ሕግ አዘጋጅቻለሁ፦ ምሳዬን ከፍቼ ከመብላቴ በፊት አንድ ጥያቄ። አንድ ብቻ። ምሳውን ማንም አይዘልም፣ እኔማ በፍጹም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ቢሯችን ወደ ሳሪስ ሊዛወር ነው። ባልደረቦቼ ስለ ትራንስፖርቱ ያማርራሉ። እኔ የታየኝ ሌላ ነው። ክፉውን ልማድ ያፈረሰልኝ ነገር ጥሩውንም ሊያፈርስብኝ ነው። ዳገቱ ሊቀር ነው፣ ድልድዩ ሊቀር ነው፣ ቆሜ የምጠጣው ማኪያቶ ሊቀር ነው። ሦስት ወሩ እንደገና ሊቆጠር ነው። በዚህ ጊዜ ግን ሳይፈርስ ነው የሰማሁት።

ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ሄጄ ሞከርኩት። ከሳሪስ ስታዲየም በባቡር፣ ባቡሩ ከመጣ ማለት ነው፣ ከዚያ በታክሲ አራት ኪሎ። ስደርስ መሽቷል፣ ደክሞኛል። በዚህ ሁኔታ አብርኆት ለሥራ ቀን እንደማይሆን ገባኝ። ለሶኬቱ ልጅ ነገርኩት፤ «እንግዲያው ቅዳሜን ያዢ ማዘር» አለ። ቅዳሜ ይዣለሁ። የሥራ ቀን ወደ ጠዋት ይዞራል። ከፈረንሳይ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣው ታክሲ ሰልፍ የለውም። አዲሱ ቢሮ አጠገብ በጠዋት የሚከፍት አንድ ቡና ቤት አግኝቻለሁ፤ ባንኮኒ አለው፣ ወንበሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱንም ጥበቃዎቹ ይዘዋቸዋል። የቢሮ ቁልፍ ለሒሳብ ክፍል የተሰጠው ሐሙስ ነው። ሌላው ዕቃ ገና በካርቶን እየታሸገ ሳለ የኦዲት መጽሐፌን ወስጄ አዲሱ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስገብቻለሁ። ፈተናው ሴፕቴምበር ላይ ነው።